የሚስት ወንድም ስድብ የሆነበት ቋንቋ

የህንድ ፊልም እያየ ያደገ አበሻ ሁሉ አንዲት ቃል ጆሮው ውስጥ ቀርታለች፤ «ሳላ»። ክፉው ሰውዬ ከመኪናው ወርዶ ሲጋራውን በጫማው እያጠፋ «ሳላ!» ይላል። አክተሩ ከንፈሩ እየደማ ከአፈር ተነሥቶ «ሳሌ!» ብሎ ይመልስለታል። ስድብ መሆኑን ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ ፊታቸውን ማየት ይበቃል። እኔን መቆርቆር የጀመረው ግን ትርጉሙን መዝገበ ቃላት ላይ ካየሁ በኋላ ነው። ሌባ አይልም። ውሻ አይልም። «የሚስት ወንድም» ይላል፣ ያበቃል።

የሚስት ወንድም! እኛ ዘንድ እሱ ሲመጣ ወንበር ይለቀቅለታል፣ ዶሮ ይሠራለታል። አማችነት ሰው የሚያደባድብ ቃል የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? ይህ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል እንጂ የሂንዲን የስድብ ቤት በሙሉ የሚከፍት ቁልፍ ነው። መልሱ የገባው ሰው ረጅም የስድብ ዝርዝር መሸምደድ አያስፈልገውም፤ አዲስ ስድብ ሲሰማ ራሱ ይፈታዋል።

ቃላቱን እንዳሉ ነው የምጽፋቸው፤ እያድበሰበስኩ ላስረዳ ብል ምንም አይገባም። ስለዚህ ልጆች ባሉበት ጮክ ብላችሁ አታንብቡት።

ማን ሰጠ? ማን ወሰደ?

በሰሜን ህንድ፣ ማለትም ሂንዲ የአፍ መፍቻ በሆነባቸው በኡታር ፕራዴሽ፣ በቢሃር፣ በሃሪያና፣ በራጃስታን፣ በዴልሂ፣ የሂንዱ ጋብቻ በልማዱ የእኩሎች ውል አይደለም። የሥርዓቱ ዋና ክፍል «ካንያዳን» ይባላል፤ ልጃገረድን በስጦታ መስጠት ማለት ነው። የሰጠው ቤት ዝቅ ይላል፣ የተቀበለው ቤት ከፍ ይላል። የሙሽራዋ አባት ሽበታም ቢሆንም ለሙሽራው ወገን አንገቱን ይደፋል። በዓል በመጣ ቁጥር ጣፋጩና ልብሱ የሚጓዘው ከእሷ ቤት ወደ እሱ ቤት ነው። የድሮ ሰዎችማ በብዙ አካባቢ የዳሯት ልጃቸው ቤት ሄደው ውኃ እንኳ አይቀምሱም ነበር፤ ከሰጡበት ቤት መልሶ መቀበል ነውር ነዋ።

እንግዲህ አንድ የማታውቀው ሰው መንገድ ላይ «ሳላ» ሲልህ ምን እያለህ ነው? «እህትህ እኔ ቤት ናት። ቤትህ ሰጪ ነው፣ ቤቴ ተቀባይ። አንተ ከእኔ በታች ነህ።» በሁለት ፊደል ይህን ሁሉ ይላል። ፍላጻው አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚሄድ ማረጋገጫው ተቃራኒው ቃል ነው፤ የእህት ባል «ጂጃ» ይባላል፣ ማንም በጂጃ ተሰድቦ አያውቅም። የሚስት አባት የሆነው «ሳሱር» ግን በኡታር ፕራዴሽና በቢሃር አፍ «ሳሱራ» ሆኖ እንደገና ስድብ ነው። ሴት የሰጠ ሁሉ ይሰደባል፣ የወሰደ ሁሉ ይከበራል።

ወደ ደቡብ ስንወርድ ነገሩ ይገለበጣል። ቼናይ ወይም ባንጋሎር የተማሩ ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ «ማቻ፣ ማቻ» ሲባል ሰምተው ይመጣሉ፤ ወዳጄ፣ ጓዴ ለማለት። ማቻን በታሚል አማች ነው። በደቡቡ የእናት ወንድም ልጅን ወይም የአባት እህት ልጅን ማግባት የቆየ ልማድ ስለነበር አማቹ ከመጀመሪያውም አብሮ አደግ ዘመድ ነው። ሰጪና ወሳጅ የማይለዩበት ቤት ውስጥ አማች ጓደኛ ቢሆን አይገርምም። ያው ዝምድና ዴልሂ ላይ ዱላ ያማዝዛል፣ ቼናይ ላይ ሻይ ያጋብዛል።

በተግባር ሁለቱን «ሳላ»ዎች ለመለየት አንድ ቀላል ምልክት አለ። ባለቤትነት ከቀደመው ዝምድና ነው፤ «ሜራ ሳላ» ማለት «የሚስቴ ወንድም» ብቻ ነው፣ ምንም ነውር የለበትም። ማክበር የሚፈልግ «ሳሌ ሳሃብ» ይላል። ለብቻው ቆሞ ሰው ላይ ከተወረወረ፣ በተለይ «ሳሌ!» ሆኖ ከተጠራ፣ ስድብ ነው። ግዑዝ ነገር ላይም ይለጠፋል፤ የማይነሣ ሞተር፣ የምትነክስ ትንኝ «ሳላ» ናቸው። የልብ ጓደኞች መካከል ደግሞ ማሞካሻ ይሆናል፤ ይህን መብት ግን የውጭ ሰው በወር በሁለት ወር አያገኘውም።

«ሳላ» እንግዲህ ልብስ የለበሰው ነው። ልብሱ ሲወልቅ «ባሄንቾድ» ይሆናል፤ ባሄን እህት፣ ቾድ ደግሞ የግብረ ሥጋ ግስ ሥር ነው። የእናቲቱ «ማዳርቾድ» ነው። እዚህ ላይ የሚገርመው ማዳር ሂንዲ አለመሆኑ ነው። የሂንዲ እናት «ማ» ናት፤ ማዳር ፋርስኛ ነው። ፋርስኛ ከእንግሊዞች በፊት ህንድን ይገዙ የነበሩት የሙጋሎች የቤተ መንግሥትና የችሎት ቋንቋ ነበረ፤ እንግሊዞች ከመሥሪያ ቤት ያወጡት በ1837 ነው (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ፣ ካልጠቀስኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ስለዚህ ከሂንዲ ስድቦች የከበደው በቤተ መንግሥት ካባ ተጀቡኖ ነው የመጣው። ዲቃላ የሚለው «ሃራምዛዳ»፣ ወራዳ የሚለው «ካሚና»፣ ባለጌ የሚለው «ባድታሚዝ»፣ ሁሉም በዚያው በር የገቡ ናቸው። ከነሱ መሐል እኔ የምወደው «ናማክሃራም» ነው። ናማክ ጨው ነው፤ የሰው ጨው በልቶ የከዳ ማለት። እኛ «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» የምንለው ሰውዬ ነው፣ ቁርጥ እሱን።

እንስሶቹን ቶሎ ልለፋቸው። ኩታ ውሻ፣ ሱአር አሳማ፣ ጋዳ አህያ፤ ለአበሻ ማብራሪያ አይሹም። የሚለየው ጉጉት ብቻ ነው። እኛ ጉጉትን በሟርት እንፈራታለን፣ እነሱ ሞኝ ይሏታል፤ «ኡሉ ካ ፓታ» ማለት የጉጉት ደቀ መዝሙር፣ የጉጉት ውላጅ ነው፤ ድብን ያለ ጅል። ጉጉቷ ግን የሀብት አምላክ የላክሽሚ መጓጓዣም ናት። ሞኝ ላይ ተቀምጦ ገንዘብ ይመጣል እንደማለት ይሆን?

የተቆረጠው ዓረፍተ ነገር

እስከዚህ ድረስ ስድቡ ያለው ቃሉ ውስጥ ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የመንገድ ጠብ ላይ ከሁሉ የበለጠ የሚሰማው ስድብ ነው፤ እሱ ደግሞ አንድም ጸያፍ ቃል የለበትም። «ቴሪ ማ ኪ...» ይባልና ይቆማል። «የእናትህ...» ማለት ነው። የእናትህ ምን? አይነገርም።

የሂንዲ አገናዛቢ የሚስማማው ከተገናዘበው ነገር ጾታ ጋር ነው። ነገሩ ወንድ ከሆነ «ካ»፣ ሴት ከሆነ «ኪ» ይሆናል፤ በሂንዲ ቤት ወንድ ነው፣ መጽሐፍ ሴት ናት፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። «ኪ» ብሎ የተቆረጠ ሰው ያልተናገረው ቃል ሴት መሆኑን ነግሮናል። ሰሚው ያንን ሴት የሆነ ቃል፣ «ቹት» የሚባለውን የሴት ብልት የጸያፍ ስም፣ ራሱ ይሞላዋል። ተሳዳቢው «ካ» ብሎ ቢቆርጥስ? ያን ጊዜ ሌላ፣ ወንድ የሆነና «ቦስዳ» የሚባል፣ ለዚያው አካል የበለጠ የከፋ ቃል አለ። ነውሩ ያለው አንዲት አናባቢ ላይ ነው።

አሁን የራሳችንን ተመልከቱ። «እናትህን!» የአማርኛ የጠብ ጣሪያ ይቺ ናት። ግሱ የታለ? የለም። የቀረችው ተሳቢዋ «ን» ብቻ ናት። «ን» ካለች አንድ ሰው አንድ ነገር አድርጓል፤ ምን እንዳደረገ ሰሚው ይሞላል። ሂንዲ ስሙን ቆርጦ አገናዛቢውን ያስቀራል፣ አማርኛ ግሱን ቆርጦ ተሳቢውን ያስቀራል። ሁለት ሩቅ ለሩቅ የሆኑ ቋንቋዎች በየራሳቸው ሰዋስው አንድ ብልሃት ላይ ደርሰዋል፤ ጸያፉን ሥራ የሚሠራው ተሳዳቢው ሳይሆን የተሰዳቢው ጭንቅላት ነው። ፖሊስ ጣቢያ ቢቀርብ «ምን አልኩት? የእናትህ ነው ያልኩት» ይላል።

ሌላም ነገር አለ። በሁለቱም ቋንቋ ፊት ለፊት የቆመው ወንድ ስድቡ ውስጥ ቦታ የለውም። አማርኛው ላይ እሱ «ህ» ነው፣ ሂንዲው ላይ «ቴሪ» ነው፤ የአንድ ቃል ጫፍ። ጠቡ በሁለት ወንዶች መካከል ነው፣ የሚመታው ግን እዚያ የሌለች፣ ምናልባት እዚያው ሰዓት ሽንኩርት የምትከትፍ ሴት ናት። ሂንዲ ለዚህ የስድብ ወገን መጠሪያም አለው፤ «ማ ባሄን ኪ ጋሊ»፣ የእናትና የእህት ስድብ። ጋሊ ስድብ ነው። ይሰጣል፣ ይበላልም፤ የተሰደበ ሰው «ጋሊ በላ» ይባላል፣ እኛ ዱላ ቀመሰ እንደምንለው።

አባትስ? አባት ሌላ ሥራ አለው። ሰልፍ የጣሰን፣ መኪና መንገድ ላይ ያቆመን ሰው «ቴሬ ባፕ ካ ሄ ክያ?» ይሉታል፤ «የአባትህ ነው እንዴ?» ቃል በቃል የኛው ነው። የባለሥልጣን ልጅ ደግሞ ትራፊክ ሲይዘው «አባቴ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?» ይላል። አባት ርስትና ጉልበት ነው፣ እናትና እህት ክብር፤ ስድቡ ደግሞ ክብሩ የተቀመጠበትን ያውቃል።

ማለስለሻውም የሚሠራው በዚያው ሰዋስው ነው። ሰዎች «ቴሪ ማ ኪ» ብለው ጀምረው እናት ወይም ሽማግሌ ሲያዩ «አንክ» ብለው ይጨርሱታል፤ «የእናትህ ዓይን»። ዓይን የተመረጠችው በአጋጣሚ አይመስለኝም። በሂንዲ ዓይን ሴት ናት፣ «ኪ»ን ትሞላለች፤ ወንድ የሆነ ቃል ቢመጣ ዓረፍተ ነገሩ ይሰበር ነበር።

ለተማሪ እዚህ አንድ ጉድጓድ አለ። መጽሐፍህን የወሰደብህን ልጅ ለመክሰስ «ኡስኔ ሜሪ ኪታብ ሌ ሊ» ትላለህ፤ «መጽሐፌን ወሰደብኝ»። ልክ ነው። «መጽሐፍ» የሚለውን ቃል ደግመህ መጥራት ሰልችቶህ «ኡስኔ ሜሪ ሌ ሊ» ብትል ግን ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። «የኔን ወሰደ» ያልክ መስሎሃል፤ በጎዳና ሂንዲ ግን ስም የሌለው ሴት «የኔ» ሲወሰድ ትርጉሙ «ተገናኘኝ፣ አዋረደኝ» ነው። ስሙን አትተው። ሂንዲ ውስጥ ባዶ የቀረ ሴት ቦታ ሁሉ በነውር ይሞላል።

ቱ፣ አቤ

ጸያፍ ሳይነኩ መሳደብም ይቻላል፤ እዚህ አማርኛ ተናጋሪ ብዙ አይቸገርም። ሂንዲ «ቱ»፣ «ቱም»፣ «አፕ» የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት። አፕ የኛ እርስዎ ነው። ቱም ለእኩያ ነው። ቱ ለእግዚአብሔር፣ ለእናት፣ ለልጅ፣ ለልብ ጓደኛ፣ እና ለምትንቀው ሰው። ጠብ ሲጋጋል የመጀመሪያው ምልክት ስድብ አይደለም፤ አፕ ወደ ቱ መውረዱ ነው። ቱ ቱ መባባል ለጠብ ሌላ ስሙ ሆኗል፤ «ቱ ቱ ሜ ሜ» ይሉታል፣ «አንተ አንተ፣ እኔ እኔ»። ቱን በረጅሙ በትንፋሽ ካልከው ደግሞ «ትሁ» ሆኖ የምራቅ ድምፅ ይሆናል፣ እንደኛው ቱፍ።

«አቤ» የተለየች ናት። የኛ «አቤት» በአክብሮት ለተጠራ የሚሰጥ መልስ ነው፤ የነሱ «አቤ» በንቀት መጥሪያ ነው፤ «አንተ! ስማ!»። «አቤ» ሲሉት ሳይታወቀው «አቤት» የሚል አበሻ ብዙም አይጎዳም፤ ከጠሪው በላይ ጨዋ ሆኖ ይገኛል እንጂ።

ትንፋሹ የጠፋበት ቅናሽ

ሕንድ አገር ዕቃ ሊገዛ ወይም ሊታከም ለሚሄድ ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። ቅናሽ በሂንዲ «ቹት» ይባላል። ከላይ ያነሣነው ጸያፍ ቃልም በፊደላችን ሲጻፍ «ቹት» ነው። ሁለቱ ለህንድ ጆሮ ፈጽሞ አይገናኙም፤ ፊደላችን ግን የሚለይበት ምልክት የለውም።

የቅናሹ ቃል ሁለት ነገር ይፈልጋል። መጀመሪያው ድምፅ በትንፋሽ ይወጣል፤ ከአፍህ ፊት ብጣሽ ወረቀት ብትይዝ መወዛወዝ አለበት። መጨረሻው ድምፅ ደግሞ ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ ላንቃን እየነካ የሚወጣ «ት» ነው። ጸያፉ ቃል ትንፋሽ የለውም፣ ምላሱም ጥርስ ይነካል። የኛ «ት» ወደ ፊት፣ ወደ ጥርስ ያዘነበለች ናት፤ ስለዚህ ቃሉን ስንዘጋ ሳናስበው ግማሽ መንገድ ወደ ነውሩ ሄደናል። «ደረቅ አድርጌ ልበላት» ብለን በ«ጭ» ከጀመርንማ ትንፋሿም ጠፋች፣ አለቀ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ነው። ባለሱቁ ቅናሽ የተጠየቀ ሳይሆን ሌላ ነገር የተጠየቀ ይመስለዋል።

መፍትሔው ቃሉን አለመጥራት ነው። «ዲስካውንት» በየትኛውም ገበያ ይገባቸዋል። ከዚያ የሚሻለው «ቶራ ካም ኪጂዬ» ነው፤ «ትንሽ ይቀንሱልኝ»። ኪጂዬ የአፕ ግስ ስለሆነ አክብሮቱም አብሮ ይሄዳል።

ሐኪም ቤትም ተመሳሳይ ነገር አለ። እብጠት፣ በሰውነት ውስጥ የተቋጠረ ነገር፣ «ጋንት» ይባላል። የመጨረሻው ድምፅ ሳይታወቅ ወደ «ድ» ከሳሳ «ጋንድ» ይሆናል፣ እሱም መቀመጫን በጸያፉ ነው። ነርሷ ታካሚው ምን ሊል እንደፈለገ ይገባት ይሆናል፤ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት አስታማሚዎች ግን አይምሩም።

ድምፅና ፊደል ሲጣሉ የሚከፍለው ሁልጊዜ እንግዳ ብቻ አይደለም። «ቹቲያ» በሂንዲ ከዚያችው ቃል የተገኘ «ደደብ» ነው፤ ዛሬ በከተማ ወጣት አፍ እንደ ውኃ ይፈሳል። በሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ በአሳም ግዛት ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሆሞች እስኪወድቅ ድረስ የራሱ መንግሥት የነበረው ሕዝብ አለ፤ በአሳምኛ ስሙ «ሱቲያ» ነው የሚጠራው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ግን ከስድቡ ጋር አንድ ይሆናል። የቤተሰብ ስማቸው ይህ የሆነ ሰዎች የኢንተርኔት አካውንታቸው ተዘግቶባቸዋል፣ የሥራ ማመልከቻ ቅጽ «ተገቢ ስም አስገባ» ብሎ መልሷቸዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ የነሱ ስም ማጣሪያ ሶፍትዌር ማለፍ አቃተው።

ፋቂና ቻማር

እስካሁን ያነሣናቸው ስድቦች አሽሟጣጭም ቢሆኑ ይታረቁባቸዋል። የማይታረቁበት ስድብ የዘር ሙያ ስም ነው። «ቻማር» በቀጥታ ቆዳ የሚሠራ ማለት ነው፤ «ባንጊ» ጠራጊ፣ ጽዳት የሚሠራ። በአማርኛ «ፋቂ» ያለውን የሚያውቅ ሰው የቻማርን ክብደት ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም፤ ቆዳው አንድ ነው፣ ንቀቱም አንድ። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ ያስነገሩት የኛ አፍም እንዲሁ ስለነበረ ነው። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን ከአፍ አልወጣም።

በህንድ እንዲህ ያለው ስድብ ወንጀል መሆኑ በሕግ በግልጽ ተደንግጓል። በ1989 የወጣው፣ የታችኛ መደብ ተደርገው የኖሩ ወገኖችንና ነገዶችን ከግፍ የሚጠብቀው ሕግ፣ በ2015 ማሻሻያው አንድን የዚህ ወገን አባል በዘር ስሙ ሕዝብ ሊያይ በሚችልበት ቦታ መስደብን ለብቻው አስቀምጦታል፤ ቅጣቱ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት እስራትና መቀጮ ነው። ተከሳሹ ከዚያ ወገን ውጭ መሆን አለበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 ሰውን ለማዋረድ ብሎ «ቻማር» ማለት ወንጀል መሆኑን ተናግሯል፤ የቤት በር ላይ መሆኑም አያድንም፣ መንገደኛ ያያልና። በ2020 ደግሞ ምስክር በሌለበት በአራት ግድግዳ መካከል የተባለ በዚህ አንቀጽ እንደማይጠየቅ ወሰነ። ይህ ሁለተኛው ውሳኔ ለእኔ አይዋጥልኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ፤ የጓዳ ስድብ ምስክር ስለሌለው አይቀልም።

ዳኛው በጆሮ ማዳመጫ

በሌላ በኩል የእናትና የእህቱ ስድብ እየተጠቀሙበት ያረጀ ሳንቲም ሆኗል፤ ምስሉ ጠፍቶ ክብ ብረቱ ቀርቷል። የዴልሂ ወጣት አውቶቡስ ሲያመልጠው «ባሄንቾድ» ይላል፣ ክሪኬት ሲያሸንፍም «ባሄንቾድ» ይላል። ሲቸኩል በእንግሊዝኛ ፊደላት «ቢ ሲ» ብሎ ያሳጥረዋል፣ የእናቲቱን «ኤም ሲ»። ሳንሱር ቦርዱ በ2015 ከፊልም የሚታገዱ የሂንዲና የእንግሊዝኛ ስድቦች ዝርዝር ቢያወጣም ከፊልም ሰሪዎች ተቃውሞ ገጥሞት ቆመ፤ ከዚያ በኋላማ በኢንተርኔት የሚለቀቁት ተከታታይ ድራማዎች ሳንሱር ሳያልፉ መጡ።

ከነሱ አንዱ፣ የተማሪዎች ሕይወት የሚያሳይ፣ ፍርድ ቤት ደረሰ። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ በ2023 ክፍሎቹን ቢሯቸው ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ለመስማት እንደተገደዱ ጽፈው ክሱ እንዲቀጥል አዘዙ፤ ቃላቱ ትርጉማቸው የግብረ ሥጋ ነው አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2024 ሻረው። ጸያፍነትና የወሲብ ብልግና አንድ አይደሉም፤ እነዚህ ቃላት የሚናገሩት ቁጣን፣ ንዴትን፣ ብስጭትን ነው፣ ፍቺያቸውን ብቻ ማየት አይበቃም አለ። ዳኞቹ ያዩት ሳንቲሙን ነው። ይህን ስድብ የሚቃወሙት ሴቶች የሚሉት ደግሞ ምስሉ ቢጠፋም ሳንቲሙ የተመታው በማን ገላ ላይ ነው ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ ነገሩን መተው ይቀለኝ ነበር፤ ግን «እናትህን» የሚለውን የኛን ሳስብ ወደ ሴቶቹ አደላለሁ።

ሕጉ ታዲያ አልጠፋም። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሚሠራው አዲሱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 296 በአደባባይ ጸያፍ ተናግሮ ሰው ማስቀየም እስከ ሦስት ወር ወይም እስከ 1,000 ሩፒ ያስቀጣል፤ አንቀጽ 352 ጠብ ለማስነሣት ታስቦ የተሰደበ ስድብ እስከ ሁለት ዓመት፤ አንቀጽ 79 የሴትን ክብር ለመንካት የተባለ እስከ ሦስት ዓመት።

ለወገኖቻችን የሚቀርበው ግን የባሕረ ሰላጤው ነው። ዱባይና ሻርጃ ሕንዱ፣ ፓኪስታኑና ኔፓሉ የሚግባቡት በሂንዲና በኡርዱ ነው፤ አብሯቸው የሚሠራ አበሻም ከሰላምታው በፊት ስድቡን ይለምዳል። እነሱ እርስ በርስ ሲባባሉ ሰምቶ ዋትሳፕ ላይ በድምፅ የሚልክ ሰው በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የ2021 የሳይበር ወንጀል ሕግ አንቀጽ 43 ሊጠየቅ ይችላል፤ መቀጮው ከ250,000 እስከ 500,000 ድርሃም ነው፣ እስራትም አለው። ስድቡ በየትኛው ቋንቋ እንደተባለ ለውጥ የለውም። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ያሉት አባቶች የድምፅ መልእክት ተቀድቶ እንደሚቀመጥ አላዩም።

ፍላጻው የሚዞርበት ቀን

የገጠር ሴቶች የእናትና የእህቱን ስድብ ብዙም አይጠቀሙም፤ የነሱ እርግማን ነው። «ሙአ» ይላሉ፣ ሟች፤ «ካራምጃሊ»፣ ዕድሏ የተቃጠለ፤ «ኪዴ ፓዴን»፣ ትል ይውረስህ። ከአያቶቻችን «መሬት ይብላህ» ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጡ ጎረቤት ናቸው።

ነገር ግን በሰሜን ህንድ፣ በሚቲላ፣ በአዋድና በቦጅፑሪ አገር እነዚሁ ሴቶች አፋቸውን የሚፈቱበት ቀን አለ። ሠርግ ነው። የሙሽራው ወገን ለምሳ ሲቀመጥ የሙሽራዋ እናት፣ አክስቶችና ጎረቤቶች ተሰብስበው «ጋሪ» ይዘፍናሉ፤ ጋሊ ማለት ነው፣ ስድብ። በሙሽራዋ ደጅ ሠርገኛውን አናስገባም ብለው የሚዘፍኑት ሴቶቻችን ከነሱ አጠገብ ዲያቆናት ይመስላሉ። የሙሽራውን አባት በስሙ ይጠሩና ሚስቱ ከማን ጋር እንደጠፋች ያወራሉ። የሙሽራውን እህት በስሟ ይጠሩና ገበያ ውስጥ ማን እንዳያት ያወራሉ። ቱልሲዳስ ከ1574 ጀምሮ በጻፈው የራማ ታሪክ ውስጥ ንጉሥ ዳሻራታ በልጁ ሠርግ ማዕድ ላይ ይህንኑ ጋሪ ሲሰማ ከነተከታዮቹ እየሳቀ ነው የሚታየው።

በዓመት ውስጥ ባሉት ሌሎች ቀናት ሁሉ የሚሰደበው ሰጪው ቤት ነው፤ ሳላ፣ ሳሱራ። በዚያ ማዕድ ላይ ግን የምትሰደበው የተቀባዩ ቤት እናት ናት፣ የተቀባዩ ቤት እህት። ተሳዳቢዎቹም ወንዶች አይደሉም፤ ልጃቸውን ሊሰጡ ጥቂት ሰዓት የቀራቸው ሴቶች ናቸው። ነገ ጠዋት ሙሽራዋ ስትሄድ አንገታቸውን ይደፋሉ። አሁን ግን ድምፃቸው ከፍ ብሏል፣ ከበሮው ይመታል፣ የሙሽራው አባትም የእህቱን ስም በዚያ ዘፈን ውስጥ እየሰማ ሩዙን ይጎርሳል። መቆጣት አይችልም። ባይዘፈንለት ነበር የሚቀየመው፤ «ሰው ሆነን አልታየንም» ብሎ። ሲጨርሱ እጁን ታጥቦ ኪሱ ይገባል፣ ሩፒ ያወጣል፣ ለሰደቡት ሴቶች ይሰጣል።